የሰው ጽሑፍ በጋራ መዝገብ ውስጥ ሲገኝ

ዊኪፔዲያ የሚባለውን መዝገበ ዕውቀት የማያውቅ ተማሪ ዛሬ ይገኛል ለማለት ያስቸግራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በጃንዩዌሪ 15 ቀን 2001 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጀውም ሆነ ለአለቃው ማስታወሻ የሚያረቅቀው ወጣት ሹም በመጀመሪያ የሚያንኳኳው ይህንኑ ደጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልን በስተቀር ዓመቶቹ የአውሮፓ ናቸው።) ብዙው ሰው ግን ሳሎኑን አይቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ወጥ ቤቱ አይዘልቅም። እኛ ዛሬ ለማየት የፈለግነው ወጥ ቤቱን ነው፤ ይልቁንም ከሰው ጎተራ ሳይፈቀድ የተወሰደ እህል ድስቱ ውስጥ ሲገኝ ምን እንደሚደረግ።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በዚህ መዝገብ ውስጥ የሚገኝ አንድ ጽሑፍ አንድ ደራሲ የለውም። አንዱ በካይሮ ተቀምጦ ሁለት መስመር ይጽፋል፤ ሌላው በቶሮንቶ ሆኖ የፊደል ግድፈት ያርማል፤ ሦስተኛው ሠንጠረዥ ይጨምራል፤ አራተኛው የሦስተኛውን ሠንጠረዥ አይቶ ይሠርዛል። እንዲህ እየተባለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቶና ሁለት መቶ እጅ ያረፈበት ጽሑፍ ይሆናል። ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ እጆች አንዱ ከሰው መጽሐፍ ወይም ከጋዜጣ አንድ ገጽ ገልብጦ ቢያስገባ፣ ጥፋቱ የማን ነው? እርማቱስ በማን ላይ ይወድቃል? አንድ ደራሲ ብቻውን በጻፈው መጽሐፍ ላይ ቢሆን ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ይታወቃሉ፣ ዳኛም ይፈርዳል። መቶ ሰው በጻፈው ላይ ግን ነገሩ እንደ ተወሳሰበ ፈትል ነው፤ አንዱን ክር ሲስቡት ሌላው ተከትሎ ይመጣል።

«መዝገቡ ነጻ ነው ይባል የለም ወይ? ነጻ ከሆነ የፈለግሁትን ባስገባበት ማን ይከለክለኛል?» ሲል አንድ ወዳጃችን ጠይቆናል። ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ልንንቀው አይገባም። መልሱ ግን ተቃራኒ ነው፤ መዝገቡ ለወሳጁ ነጻ የሆነው ሰጪው የራሱን ስለሰጠ ነው። አንድ ጸሐፊ ጽሑፉን ሲያስገባ፣ ማንም ሰው ወስዶ እንዲያነበው፣ እንዲለውጠው፣ ቢፈልግም አሳትሞ እንዲሸጠው ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የጸሐፊዎቹ ድካም እንዲታወቅና፣ ተለውጦ የሚወጣውም ሥራ በዚያው ፈቃድ ለሌላው እንዲተላለፍ ነው። ይህ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ፈቃድ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ይባላል። እንግዲህ የራሱ ያልሆነውን በሬ ለማኅበር አርዶ የሚያበላ ሰው ቸር ሊባል እንደማይችል ሁሉ፣ የሌላ ሰው ገጽ ገልብጦ የሚያስገባም የሌለውን ፈቃድ መስጠቱ ነው። ያንን ገጽ አምኖ የወሰደው ሦስተኛ ሰው፣ መምህርም ይሁን አሳታሚ፣ ሳያውቅ የዕዳው ተካፋይ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ከመጽሐፍ የተገኘ ነገር ሁሉ የተሰረቀ ነው ማለት አይደለም። ይህን ለማስረዳት በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት የሆነውን አንድ ነገር እናንሣ። ሩራል የተባለ የስልክ ኩባንያ የደንበኞቹን ስምና ቁጥር በፊደል ተራ ደርድሮ ማውጫ ያሳትም ነበር። ፋይስት የተባለ አሳታሚ ደግሞ ብዙ አውራጃ የሚያጠቃልል ማውጫ ለማውጣት አስቦ ከሩራል ፈቃድ ቢጠይቅ ተከለከለ፤ ስሞቹን ግን ወሰደ። በፋይስት ማውጫ ውስጥ ከነበሩት 46,878 ስሞች 1,309ኙ ከሩራል ጋር አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ፤ ከእነርሱም መካከል አራቱ በዓለም ላይ የሌሉ ሰዎች ነበሩ። ሩራል ገልባጭ ለመያዝ ሆን ብሎ የፈጠራቸው ስሞች ናቸው። ከዚህ የበለጠ እጅ ከፍንጅ መያዝ የለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1991 ዓ.ም. ለፋይስት ፈረደ። ምክንያቱም ስምና ቁጥር ሐቅ ነው፤ ሐቅን ማንም የእኔ ነው ሊል አይችልም፤ በፊደል ተራ መደርደርም ቢሆን የፈጠራ ሥራ አይደለም፤ ድካም ብቻውን የደራሲነት መብት አያስገኝም ሲል ነው።

ስለዚህ የዓድዋ ጦርነት በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መደረጉን ማንም ሊጽፍ ይችላል፤ ማስፈቀድ አያስፈልገውም። አንድ የታሪክ ጸሐፊ ያንን ቀን የተረከበት አኳኋን፣ ማለት የዐረፍተ ነገሩ አወራረድ፣ የመረጠው ምሳሌ፣ ያስቀደመውና ያስከተለው ነገር ግን የራሱ ነው። ቃላቱን እየለዋወጡ ቅንብሩን እንዳለ መውሰድም ያው መገልበጥ ነው። «ንጉሡ በማለዳ ተነሡ» የሚለውን «ንጉሠ ነገሥቱ ጧት ተነሡ» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር በዚያው ተራ እንዲሁ ማድረግ፣ የሰውን ካባ ቀለም ቀብቶ እንደ መልበስ ያለ ነው። በተማሪ ቤት ብዙዎቻችን «በራስህ ቃል ጻፍ» ስንባል የተማርነው ይህንኑ ቀለም መቀባት እንደሆነ መካድ አይቻልም።

በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ደራስያን ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 ሲሆን፣ እርሱም በ2007 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። በዐዋጁ መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በዚህ ስሌት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በስደት በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ካረፉ ሃምሳ ዓመቱ ከሞላ ብዙ ጊዜ ስለሆነ፣ ጽሑፋቸውን ስማቸውን ጠቅሶ ወደ መዝገቡ ማስገባት ይቻላል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ምዕራፍ አንሥቶ ማስገባት እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን ሕግ ያስጠይቃል። መጽሐፉ በሰው ሁሉ አፍ መኖሩ መብቱን አያስቀረውም። ሕጎችና ዐዋጆች ራሳቸው ደግሞ ከጥበቃው ውጭ ናቸው፤ ለወጣት ሹማምንት ይህ ማወቅ የሚገባ ነው። ከዐዋጁ ቃል መጥቀስ ይፈቀዳል፤ አንድ የሕግ ምሁር ስለ ዐዋጁ የጻፈውን ማብራሪያ መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። መገልበጥ በአገራችን የብራና ጽሕፈት ልማድ ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም በጎ ምግባር ነበር። ቁም ጸሐፊው ዳዊትን ከዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ፊደል እንዳትጎድልበት ይጠነቀቃል፤ በመጨረሻም የጻፈውንና ያጻፈውን ሰው ስም አስገብቶ ጸሎት ይለምናል። በቅኔ ቤት ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ቅኔ «ይዘረፋል» ሲባል የሰው ይወሰዳል ማለት ሳይሆን ባለቅኔው ከራሱ ልብ አፍልቆ ያዜማል ማለት ነው፤ የትናንቱን ለዛሬ መድገምም ያሳፍራል። እንግዲህ አባቶቻችን ሁለቱንም ለይተው ያውቁ ነበር፤ ሲገለብጡ መገልበጣቸውን ይናገራሉ፣ ሲዘርፉ ከራሳቸው ይዘርፋሉ። ችግሩ የሚመጣው ገልብጦ ዘረፍሁ የሚል ሲገኝ ነው።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። የተገለበጠ ጽሑፍ በምን ይታወቃል? በዚህ ሥራ የቆዩ አዘጋጆች የሚጠቀሙበት ምልክት ብዙ ነው። የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ከልደቱ ጀምሮ የተደረገበትን ለውጥ ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይዞ ያስቀምጣል፤ ይህም «የገጹ ታሪክ» ይባላል። በሰው እጅ የተጻፈ ነገር የሚያድገው ጥቂት በጥቂት ነው፤ ይሳሳታል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይሳሳታል። አንድ ሌሊት በአንድ ሰዓት ላይ ሦስት ገጽ ያለ አንዲት ግድፈት ተሟልቶ ቢወርድ ግን ያጠራጥራል። «ከዚህ በታች በሥዕል 3 እንደሚታየው» ይላል፤ ሥዕል ግን የለም። የኅዳግ ማስታወሻ ቁጥሮች ከዐረፍተ ነገሩ ጋር ተለጥፈው ይመጣሉ፤ ማስታወሻዎቹ ግን አልመጡም። ወይም ስለ አንድ ድርጅት የተጻፈው «ለክቡራን ደንበኞቻችን» እያለ ይናገራል። ሌባው ኮቱን ሰርቆ በኪሱ ያለውን የባለቤቱን ካርድ ማውጣት ረስቷል ማለት ነው።

ለዚህ የሚረዱ መሣሪያዎችም ተሠርተዋል። አንዱ የተጠረጠረውን ገጽ በኢንተርኔት ላይ ካሉት ጽሑፎች ጋር አስተያይቶ የሚመሳሰለውን መስመር ቀለም ቀብቶ ያሳያል። ሌላው አዲስ የገቡትን ረዘም ያሉ ጽሑፎች ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ድርሰት በሚመረምሩበት በተርኒቲን ኩባንያ መሣሪያ በኩል ያሳልፋል። ዳሩ ግን መሣሪያው የሚናገረው «ይመሳሰላሉ» ብሎ ብቻ ነው፤ ማን ከማን እንደገለበጠ አይናገርም። ይህም ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም ከዊኪፔዲያ ላይ ገልብጠው ስሙን ሳይጠቅሱ የሚያወጡ ጋዜጦችና መጻሕፍት ቁጥር ስፍር የላቸውምና። ከነዚህ መካከል ትልቅ ስም ያላቸውም አሉ። ፈረንሳዊው ደራሲ ሚሼል ዌልቤክ በ2010 ዓ.ም. ባሳተሙትና የጎንኩርን ሽልማት ባገኘው ልብ ወለዳቸው ውስጥ ስለ ቤት ዝንብና ስለ ቦቬ ከተማ የሚናገሩ መስመሮች ከፈረንሳይኛው ዊኪፔዲያ የመጡ ሆነው ተገኙ። እሳቸው በመጀመሪያ የአጻጻፍ ስልቴ ነው ብለው ተከራከሩ፤ በኋላ በወጣ እትም ግን ለመዝገቡና ለጸሐፊዎቹ ምስጋና አስገብተዋል። የዝንብ ታሪክ ያን ያህል ሙግት ያስነሣል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ስለዚህ መርማሪው ቀን ከቀን ያመሳክራል። መጽሐፉ የታተመው መቼ ነው? መስመሩ ወደ መዝገቡ የገባው መቼ ነው? መስመሩ በአንድ ጊዜ ገባ ወይስ በአምስት ሰው እጅ ቀስ በቀስ ተሠራ? በአምስት ሰው እጅ የተሠራ ከሆነ ገልባጩ መጽሐፉ ነው። ይህን ሳያጣራ የሚሠርዝ ሰው ተበዳዩን እንደ በዳይ መቅጣቱ ነው።

መገልበጡ ከተረጋገጠ በኋላ የሚደረገው እንደ ጥፋቱ መጠን ነው። ገጹ ከላይ እስከ ታች የተገለበጠና የሚያድን ነገር የሌለው ከሆነ ወዲያው ይሠረዛል። የሚያጠራጥር ከሆነ ጽሑፉ በማስታወቂያ ተሸፍኖ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባለ መብቱ ፈቃዱን ሊገልጽ፣ ወይም አንድ ሰው በሌላ ጊዜያዊ ገጽ ላይ ከመሠረቱ አዲስ ጽሑፍ ሊጽፍ ይችላል። የተገለበጠው አንድ አንቀጽ ብቻ ከሆነ ያ አንቀጽ ይወጣል፤ ግን ማውጣት ብቻውን አይበቃም። የገጹ ታሪክ አሮጌውን ሁሉ ስለሚያስቀምጥ፣ የተሰረቀው ዕቃ ከሳሎን ወደ ጓዳ ተዛወረ እንጂ ከቤት አልወጣም። ስለዚህ አስተዳዳሪዎቹ እነዚያን አሮጌ ቅጂዎች ከሕዝብ ዓይን ይሰውሯቸዋል።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነው ነገር ይመጣል። አንድ ሰው በ2012 ዓ.ም. ሁለት አንቀጽ ገልብጦ አስገባ እንበል። ከዚያ በኋላ አንዲት መምህርት ቋንቋውን አቃናች፤ አንድ ሐኪም የተሳሳተ ቁጥር አረመ፤ አንድ ተማሪ በእነዚያ አንቀጾች ላይ ተመርኩዞ ሦስተኛና አራተኛ አንቀጽ ጻፈ። በ2020 ዓ.ም. ጥፋቱ ቢታወቅ፣ እነዚህ ሰዎች ያቃኑት ሁሉ የተሰረቀውን ጽሑፍ ነው። በሌላ ሰው መሬት ላይ የተሠራ ቤት ማለት ነው፤ ግንበኛው ምንም ያልበደለ ቢሆንም ቤቱ ይፈርሳል። ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ስርቆቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ነበረበት ይመለስና የስምንት ዓመት ቅን ድካም አብሮ ይጠፋል። ከሳሹ ውጭ ያለ ደራሲ ቢሆንም በብዛት የሚጎዱት ውስጥ ያሉት ቅን ሠራተኞች ናቸው። እንደ እኛ አስተያየት የመገልበጥ ዋናው ክፋቱ ይህ ነው፤ ስለ ሕጉ የሚናገሩ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠቅሱት ያልፋሉ።

ጥፋቱ የጀማሪ ብቻም አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በኦክቶበር 31 ቀን የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በፊት ገጹ ላይ በምርጥ ጽሑፍነት ያወጣው፣ በ1706 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ጠንቋይ ናት ተብላ ውሃ ውስጥ ስለ ተጣለች ግሬስ ሸርዉድ ስለምትባል ሴት የሚናገረውን ጽሑፍ ነበር። ያን ዕለት አንባቢዎች ከምንጮቹ ጋር ቢያስተያዩት ከቃል ወደ ቃል የቀረቡ መስመሮች ተገኙበት። ጽሑፉ ምርጥ ለመባል በብዙ መርማሪዎች ፊት ያለፈ ነው። መርማሪዎቹ ምንጭ መጠቀሱን አይተዋል፤ ምንጩን ከፍቶ ከጽሑፉ ጎን ያኖረ ግን አልነበረም። ምንጭ መጥቀስ የመገልበጥ ፈቃድ አይደለም።

አንድ ሰው ደጋግሞ መገልበጡ ሲታወቅ ደግሞ የጻፈው ሁሉ ተዘርዝሮ አንድ በአንድ ይመረመራል። ሺህና ዐሥር ሺህ ለውጥ ያደረገ ሰው ከሆነ ሥራው ማለቂያ የለውም፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ሳይዘጉ የቆዩ ምርመራዎች አሉ። ይህን የሚሠሩት ደመወዝ የማይከፈላቸው ጥቂት ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ የገለበጠውን ለማጣራት ሌላው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ መጽሐፉን ማስወጣት ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ በከባድ ጉዳይ ላይ፣ ገልባጭነቱ የተረጋገጠበትን ሰው ጽሑፍ እያንዳንዱን ሳያረጋግጡ በግምት ማስወገድ ተፈቅዷል። ለአንድ ዳኛ ይህ የሚያስደነግጥ ሥርዓት ነው፤ እኛም በቀላሉ የምንቀበለው አይደለም። ሆኖም ሌላ መፍትሔ አምጡ ብንባል የምናመጣው የለንም።

ስለ ሰውየው አያያዝ ግን ሐሳብ አለን። ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት የለውም፤ የቀበሌውን ታሪክ ለዓለም ለማሳወቅ ተመኝቶ ከቱሪዝም መጽሔት ላይ ያገኘውን አስገባ እንጂ። በማግሥቱ ገጹ ጠፍቶ አንድ ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቻ ቢያገኝ፣ ተመልሶ አይመጣም። ሥርዓቱ የሚያዘው በመጀመሪያ ማስረዳት፣ ከዚያ ማስጠንቀቅ፣ ካልሰማ ማገድ ነው፤ እገዳውም ለቅጣት ሳይሆን ጥፋቱ እንዳይቀጥል ለመከላከል ነው። በሥራ ላይ ግን ማስረዳቱ በተዘጋጀ ቅጽ ስለሚደረግ እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ብርድ ብርድ ይላል። ሦስት መስመር በሰው ቋንቋ ቢጻፍለት ምን ያህል ሠራተኛ ይተርፍ ነበር!

ጽሑፉ የራሱ የሆነ ሰውስ? አንድ ደራሲ ከገዛ መጽሐፉ ወስዶ ቢያስገባ መዝገቡ አያውቀውም፤ ማንም ሰው «ደራሲው እኔ ነኝ» ሊል ይችላልና። ስለዚህ ባለቤትነቱን የሚያሳይ ደብዳቤ በኢሜይል ለተመደቡት ፈቃደኞች ይልካል። ብዙዎች የሚሰናከሉት በዚህ ላይ ነው። «ለዊኪፔዲያ ብቻ ፈቅጃለሁ» ወይም «ለትምህርት ብቻ ይሁን» የሚል ደብዳቤ ተቀባይነት የለውም፤ ፈቃዱ ለማንም ሰው፣ ለነጋዴም ጭምር መሆን አለበት። ይህን ያልወደደ ደራሲ መብቱ ነው፤ ሐሳቡን ሌላ ሰው በራሱ አነጋገር እንዲጽፈውና መጽሐፉን በምንጭነት እንዲጠቅሰው ቢተው ይሻለዋል።

የውጭ ባለ መብት ሲቆጣም መንገድ አለው። ድርጅቱ የሚገኘው በአሜሪካ ስለሆነ በ1998 ዓ.ም. በወጣው የዚያ አገር ሕግ መሠረት ባለ መብቱ ማመልከቻ ሲልክ ጽሑፉ ይነሣል፤ አስገቢውም መልስ የመስጠት መብት አለው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በአማርኛው ውክፔዲያ የሚጽፍ ሰው ከሌሎች ይልቅ የሚፈተነው በትርጕም ነው። «ገለበጥሁ እንዴ? ተረጐምሁ እንጂ» ይላል። መተርጐም ግን የደራሲው መብት ነው፤ ከአንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ ሳያስፈቅዱ ተርጕሞ ማስገባት በአማርኛ ፊደል መገልበጥ ነው። ከእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ መተርጐም ይፈቀዳል፤ ግን ከየትኛው ገጽ እንደ ተተረጐመ በለውጡ ማጠቃለያ መስመር ላይ መጻፍ ይገባል። ያ መስመር ከሌለ የዚያኛው ገጽ ጸሐፊዎች ስም ከነድካማቸው ይቀበራል። ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሲዘነጋ ግን ይታያል።

ሁለተኛው ችግር የመሣሪያዎቹ ነው። የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ በኢንተርኔት ላይ ስለሌሉ መሣሪያው የሚያመሳክርበት የለውም። ቢኖሩም እንኳ ፊደላችን ያደናግረዋል። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ደራሲ «ጸሀይ» ብሎ የገለበጠ ሰው፣ «ዓለም»ን «አለም»፣ «ሥራ»ን «ስራ» እያለ ቢቀጥል፣ ለማሽኑ ሁለቱ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። በአንጻሩ ይኸው ፊደል ለሰው ዓይን ጥሩ መስካሪ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሠራዊቱን በእሳቱ ሰ እየጻፈ የመጣ ሰው፣ በአራተኛው አንቀጽ ላይ በድንገት ንጉሡን በንጉሡ ሠ፣ ኀይሉን በብዙኀኑ ኀ ጠንቅቆ መጻፍ ከጀመረ፣ አንቀጹ የሌላ ሰው መሆኑን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም።

ስለዚህ በአማርኛው ገጽ ላይ የሚገኘውን የተገለበጠ አንቀጽ በአብዛኛው የሚያውቀው መጽሐፉን ቀደም ብሎ ያነበበ አንባቢ ነው። እንዲህ ያለ አንባቢ ገጹን ራሱ መሠረዝ አይጠበቅበትም። በየጽሑፉ ራስጌ «ውይይት» የሚል ገጽ አለ፤ የመጽሐፉን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና የገጹን ቁጥር እዚያ ቢጽፍ፣ መርማሪው ሥራውን የሚጀምረው ከዚያች መስመር ነው።